«በፈቃዳቸው» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬያለሁ፤ ግማሹን የደበቁት ኃጢአት ግን እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠር። ደባርቅ ላይ ሰው ይቅር ብሎኛል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አገላብጠው ይስሙኛል፣ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ አስገድደውሽ ነው» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ይቅርታቸውን ተቀብዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ዛሬ የምጽፈው ያ ይቅርታ የእኔ እንዳልሆነ ለመናገር ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ዳባት ላይ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ንግግር ይሆንልኛል። የበዓል ቀን መድረክ የምመራው እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር የማደርገው እኔ ነበርኩ። የደባርቅን አካባቢ የሚወክል የምክር ቤት ዕጩ ሲፈለግ «ሴት ናት፣ የተማረች ናት፣ አንደበቷም ርቱዕ ነው» ተባለና ተመረጥኩ። ከእኔ ጋር ማን እንደተወዳደረ ብትጠይቁኝ አላስታውስም፤ ያን ጊዜ ምርጫው እንዲያ ነበር።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የመጀመሪያዎቹን ረቂቅ አዋጆች ከሥራቸው በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኳቸው። የሚጠይቀኝ ሰው እንደሌለ ሲገባኝ ማስመሩን ተውኩ፤ ቀጥሎ ማንበቡንም ተውኩ። አፈ ጉባኤው «የሚደግፉ» ሲሉ እጄን አወጣለሁ። «የሚቃወሙ» ሲሉ ጸጥ። «ድምፀ ተአቅቦ» ሲሉ ጸጥ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» አንድ ቀን ስለ ጉምሩክ መስሎኝ እጄን ያወጣሁለት አዋጅ ስለ ሌላ ነገር ኖሯል፤ ይህን ያወቅኩት ከዜና ነው። እንደ እኔ ያለ አዲስ ተመራጭ ምን ሠራ ብትሉ፣ ከሰውነቴ ሁሉ ሲሠራ የከረመው ቀኝ እጄ ብቻ ነው። አንድም ቀን አልተቃወምኩም፣ አንድም ቀን ድምፄን አላቀብኩም። ግን የምናዘዘው ስለ እጄ አይደለም። እጁን ሁሉም ያወጣ ነበር። የእኔ ኃጢአት በአፌ የሠራሁት ነው።

ከደባርቅ ወደ ላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ጓሳ አፋፍ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። የእናቴ አገር ናት፤ ክርስትና የተነሣሁትም እዚያ ነው። የክርስትና እናቴ እሜት ዘርትሁን ይባላሉ። ሕፃን ሲጠመቅ አፍ የለውምና ስለ እሱ የሚመልስለት የክርስትና ወላጁ ነው። ካህኑ ሲጠይቁ «ሰይጣንን እክዳለሁ» ብለው ስለ እኔ የተናገሩት፣ ሃይማኖቴንም ስለ እኔ የመሰከሩት እሳቸው ናቸው። እኔስ ስለ እሳቸው የምናገርበት ቀን ሲመጣ ምን አደረግኩ?

የጓሳ አፋፍ ሰው ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ለዋልያውና ለጭላዳ ዝንጀሮው ሲባል ጎረቤታቸው ያለው ብሔራዊ ፓርክ ክልሉ ሊሰፋ ነው፣ እነሱም ሊነሡ ነው የሚል ወሬ መጣ። ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ ወደዚያ ወጣሁ። እሑድ ነበር፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጠ። የተቆጣ አልነበረም። መንደሩን ወክለው የተናገሩት እሜት ዘርትሁን ናቸው።

«ስሚ ልጄ» አሉ። «እኛ ተዋልያ ጋር ጠብ የለንም። መንግሥት ልቀቁ ካለ እንግዲህ ምን እንላለን። ነገር ግን የምናርሰውን ምትክ መሬት በዓይናችን ሳናይ፣ በእግራችን ሳንረግጥ ተቤታችን አንወጣም። ይህን በዚያ በትልቁ ጉባኤ ንገሪልን። ሌላ ምንም አንልሽም።»

በዚያ አገር ሩቅ የሚሄድ መልእክተኛ መልእክቱን ሳይደግም አይሸኝም። «እስቲ በይ፣ ምን ብለሽ ትናገሪያለሽ?» አሉኝ። እኔ መምህርቷ ትንሽ አሳምሬ ተናገርኩት። እሜት ዘርትሁን ሳቁ። «ኧረ ተይ ልጄ፣ አታስጊጭው። እንዳልነው በይው» አሉ። ደገምኩት። አንድ ሽማግሌ «ምትክ መሬት» የሚለውን ጠበቅ እንዳደርገው ነገሩኝና እንደገና አልኩት። ቄሱ በመስቀላቸው ባርከውኝ «በይ አሁን ሂጅ» አሉኝ። ቃላቸውን ይዤ ወረድኩ።

የአካባቢያችንን ተመራጮች የሚያስተባብሩት አቶ ፈንታሁን የሚባሉ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነበሩ። ምክር ቤት የሚቀርብ ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ እሳቸው ዘንድ ያልፋል። የጓሳ አፋፍን ጥያቄ እንዳለ ነገርኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ እንዲከለክሉኝ እፈልግ ነበር። ቢከለክሉኝ ለመንደሩ «ከለከሉኝ» እላለሁ፣ እኔም እፎይ እላለሁ። አቶ ፈንታሁን ግን «ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጠይቂው» አሉኝ።

«አዋጁን የሚያቀርቡት ሚኒስትር ቅር ቢላቸውስ?» አልኩ።

«መልስ መስጠት ሥራቸው ነው። ጠይቂው።»

ይህን ልብ በሉልኝ። «ጠይቂው» ነው ያሉኝ።

ፓርኩን የሚያሰፋው ረቂቅ አዋጅ ለውይይት የቀረበ ዕለት ሚኒስትሩ ከፊት ተቀምጠዋል፣ የቴሌቪዥን ካሜራም አለ። የአካባቢው ተወካይ ነኝና ዕድሉ መጀመሪያ ለእኔ ተሰጠኝ። ተነሣሁ። ሚኒስትሩ ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። በቃ፣ የሆነው ይህ ነው። አልተቆጡኝም፣ አልገላመጡኝም፤ ፈገግ አሉልኝ። እኔ ግን ያን ፈገግታ ላጠፋው አልፈለግኩም። ባለፈው ሳምንት ጠንካራ ጥያቄ የጠየቀ አንድ ተመራጭ በሻይ ሰዓት ብቻውን ቆሞ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። ለቋሚ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢነት ስሜ እየተነሣ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ምን ያህል በርካሽ እንደተሸጥኩ እንድታውቁት ነው።

በምስጋና ጀመርኩ። ድምፄ በማይክሮፎኑ ሲወጣ ያምራል፤ ማማሩን ራሴ ወደድኩት። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «የአካባቢው ነዋሪዎች የቅርሱን ጥቅም ተረድተው በፈቃዳቸው ለመነሣት ተስማምተዋል። ለዚህ በጎነታቸው ምን ዓይነት ማበረታቻ ታስቧል?»

በፈቃዳቸው። ይህን ቃል ማን ሰጠኝ? ከቅጥሩ ሥር ከተቀመጡት አንድም ሰው አላለውም። አቶ ፈንታሁን አላሉትም። ሚኒስትሩ እንኳ በማብራሪያቸው አላሉትም። እኔ ነኝ ያልኩት። እዚያው ቆሜ፣ ከራሴ አውጥቼ ተናገርኩት። ምትክ መሬት የሚለውን ደግሞ ዋጥኩት።

ተጨበጨበልኝ። ሚኒስትሩ «አርአያ የሚሆን ሕዝብ ነው፣ አርአያ የምትሆን ተወካይ ናት» አሉ። ከእኔ ቀጥለው ዕድል የተሰጣቸው የሌላ ክልል አዛውንት ተመራጭ ነበሩ። ተነሡና «የእኔ ጥያቄ ነዋሪዎቹ ፈቅደዋል ወይ የሚል ነበር። ራሳቸው ተወካያቸው ከመሰከሩ ግን ትቼዋለሁ» ብለው ተቀመጡ። እጄን አውጥቼ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ማለት እችል ነበር። ያ እጅ ለስንቱ ነገር ወጥቷል! ለዚህ አልወጣም። «የሚደግፉ» ሲባል ግን ወጣ፤ አዋጁም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ስንወጣ አቶ ፈንታሁን ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው «ምነው?» አሉኝ። «በጨዋ ቋንቋ ማቅረቡ ይሻላል ብዬ ነው» አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ምክትል ሰብሳቢ ሆንኩ።

የጓሳ አፋፍ ሰው ክረምቱ ሳይገባ ተነሣ። ደባርቅ ዳር፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የቆርቆሮ ቤት ተሠራላቸው። የቤት ቦታ እንጂ የእርሻ መሬት አልተሰጣቸውም። «ምትክ መሬታችንስ?» ብለው አቤት ሲሉ «በፈቃዳችን ነው ብላችሁ የለም እንዴ? ተወካያችሁ በቴሌቪዥን ስትናገር አገር ሁሉ ሰምቷል» ተባሉ። መንደሩ ቴሌቪዥን አልነበረውምና አላመኑም። «የኛ ልጅ እንዲህ አትልም» ብለው ተሟገቱልኝ። የእሜት ዘርትሁን ልጅ ማሩ ደባርቅ ሻይ ቤቱን ሁሉ እየዞረ ጠየቀ። ያዩኝ፣ የሰሙኝ ሰዎች እውነት ነው አሉት። ከዚያ ወዲያ አቤቱታው ቀረ።

ግጦሽ ስለሌለ እሜት ዘርትሁን በጎቹን ሸጡ፣ በሬዎቹንም ሸጡ። ለለማኝ ገብስ በቁና ይሰፍሩ የነበሩት ሴት ገበያ ወጥተው በጣሳ መግዛት ጀመሩ። እኔ ይህን ሁሉ በወሬ ነው የሰማሁት። ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ ቀረሁ። የሄድኩት በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ታመው ተኝተዋል ሲባል ነው።

ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ቤቱ ያፍናል። መደብ ላይ ተኝተዋል። እጃቸውን ስስም ለቀም አድርገው ያዙኝ።

«ጽፈው ሰጥተውሽ ነው፣ አይደለም ወይ ልጄ?» አሉኝ።

በነጠላዬ ጫፍ የግንባራቸውን ላብ ጠረግኩላቸው።

«እኔ ለሰው ሁሉ እንዲያ ነው ያልኩ። የተናገረችው የሷ ቃል አይደለም፣ አስገድደው አስነብበዋት ነው ብያለሁ። ልክ ነኝ አይደል?»

እየከሰሱኝ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ማንም የለም። ካሜራ የለም፣ ሚኒስትር የለም፣ የማጣው ወንበር የለም። እውነቱን ብናገር ከደጅ የሚሰማ እንኳ አልነበረም። እኔ ግን «አዎ እሜቴ፣ ጽፈው ሰጡኝ» አልኩ።

«ማን ነው የሰጠሽ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «አቶ ፈንታሁን የሚባሉ ሰው» አልኩ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት። «እፎይ። ያንቺ ቃል እንዳልሆነ ልቤ ያውቅ ነበር። እግዜር ይቅር ይበልሽ፣ እኔም ይቅር ብየሻለሁ። ለሱም ልብ ይስጠው» አሉ። በኋላ ማሩ ከገበያ ሲመለስ «ሰማህ? ጽፎ የሰጣት ፈንታሁን የሚባል ሰው ነው። አላልኩህም?» አሉት። ማሩ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። ለወራት የተቀየመኝ ሰው ነው።

መስከረም ሳይጠባ አረፉ። ጓሳ አፋፍ ቤተ ክርስቲያን ቅበሩኝ ብለው ነበር፤ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አልቀረለትም፣ መንገዱም በዝናብ ተቆርጧል። ደባርቅ ተቀበሩ። እኔ እንደ ልጃቸው ፊቴን እየነጨሁ አለቀስኩ። ሰው ደግፎ አቆመኝ፣ «በግድ ያናገሯት ልጅ» እያለ አብሮኝ አለቀሰ። ለቅሶዬ ውሸት አልነበረም፤ የቆምኩበት ቦታ ግን ውሸት ነበር።

ዓመታት አለፉና ለውጥ መጣ ተባለ። እንደኔ ያሉት ሁሉ በየአዳራሹ እየተነሡ «ታዝዘን ነው» ማለት ጀመሩ። የእውነት የታዘዙ ነበሩ፤ ስለነሱ አልናገርም። እኔም ደባርቅ አዳራሽ ተነሥቼ «ታዝዤ ነው» አልኩ። እንባዬም መጣ። እንደገና ተጨበጨበልኝ።

አቶ ፈንታሁን ምክር ቤቱን ከለቀቁ በኋላ አምባ ጊዮርጊስ ተመልሰው እህል ይነግዳሉ። የጓሳ አፋፍ ሰው ሰላምታቸውን አይቀበልም፣ ከእሳቸው እህል አይገዛም። ማሩ በገበያ መሐል እግራቸው ሥር እንደተፋ ራሱ ነገረኝ፤ ደስ የሚለኝ መስሎት ነው። እኔም «ተው» አላልኩትም። አቶ ፈንታሁን «እኔ አይደለሁም» ብለው አያውቁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት የሚያምናቸው እንደሌለ ገብቷቸው ይሆናል።

በቅርቡ አምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ስጠብቅ አገኘኋቸው። አረጁ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም አሉኝ፣ ልጆቼን በስም በስማቸው ጠየቁኝ። ስለ ተፋባቸው ሰው አላነሡም። ሚኒባሱ ሲመጣ ግን ወደኔ ጠጋ ብለው «ክርስትና እናትሽን ሳይሞቱ አግኝተሻቸው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እሰይ። እንግዲያው እሳቸው እንኳ እውነቱን ያውቁ ነበር» አሉ። ይህን ሲሉ ቅር ያላቸው አይመስሉም፤ እንዲያውም የቀለላቸው ይመስላሉ። ሚኒባሱ በር ላይ እጄን ይዘው አስገቡኝ፣ እኔም ተቀምጬ ሄድኩ።

ለዚህ ነው የምጽፈው። ማሩ፣ ከእኔ ቀድሞ የሚያነብልህ ሰው ካገኘህ ስማው፤ እኔም ራሴ መጥቼ እነግርሃለሁ። እናትህ ይቅር ያሉት ተገድዳ የተናገረችን ሴት ነው። እንዲህ ያለች ሴት የለችም። ይቅርታውን መልሳችሁ ውሰዱት። ለአቶ ፈንታሁን የከለከላችሁትን ሰላምታ ስጧቸው፣ ለእኔ የምትሰጡትን ንሡኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ዘመኑ ነው አልልም፣ ሚኒስትሩ ናቸው አልልም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነው። እሜት ዘርትሁን መደቡ ላይ ሆነው ሲጠይቁኝ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ያዝኑ ነበር፣ ግን ይቅር ይሉኝ ነበር። ልጃቸው ነኝ። ይቅር እንደሚሉኝ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። አውቄ ዋሸኋቸው።