ለይሉኝታ የጠጣሁት ውሃ

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በርሜሉ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የበሩን ብረት፣ የግድግዳውን ጽሑፍ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ የታጨቀውን ሃያ ምናምን ሰው ያይ ነበር። እኔ ግን ሥራዬ የበሽታ ቅኝት ነውና ከበሩ ጥግ የቆመውን ሰማያዊ በርሜል፣ ክዳን የሌለውን አፉንና ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ጆግ አየሁ። ለውዱዕ ትጥበትም ለመጠጥም የሚቀዳው ከዚያው ነው። የሚቀዳው ሁሉ እጁን እስከ አንጓው ይነክራል።

የታሰርኩት ስለ ውሃ ተናግሬ ነው። ኮምቦልቻ ዳር ያለ አንድ ምንጭ አካባቢ ሰዎች በተቅማጥና በትውከት መውደቅ ጀምረው ነበር። ናሙናው ደሴ ተልኮ ውጤቱ ገና አልመጣም። ሪፖርቴ ላይ «የስጋት ደረጃ፦ ከፍተኛ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበውና «ውጤቱ ሳይመጣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ቤቴ ገብቼ አወጣሁ አወረድኩ። እኔ ብሳሳት ሰው ውሃ እያፈላ ከሰል ያባክናል፤ እሱ ቢሳሳት ሰው ይቀበራል። ከዚህ ሌላ የሚመዘን ነገር አላገኘሁም። በማግስቱ ለሰፈሩ ኢማምና ለደብሩ ቄስ ነገርኳቸው፤ ሁለቱም ሕዝቡን «ሳታፈሉ እንዳትጠጡ» አሉልኝ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሰዎች መጥተው ከቢሮዬ ወሰዱኝ። ጥፋቴ ሕዝብ ማሸበር ነው ተባልኩ።

«ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«ቧንቧው ከጠፋ ሰነበተ። ቦቴ ነው የሚያመጣልን፣ ከምንጩ» አለኝ ካቦው። ካቦ የሚባለው የክፍሉ አለቃ ነው፤ ይኼኛው የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ፣ ድምፀ ወፍራም ሰው ነበር።

ያ እኔ የጻፍኩበት ምንጭ ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከጥግ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። የኩታበር ገበሬ ናቸው፤ ሐርቡ የተዳረች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲወርዱ ከመንገድ ተይዘዋል። ሶላት የሚያሰግዱት እሳቸው ስለሆኑ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሼሁ ይላቸዋል። ለምን እንደታሰሩ በኋላ ስጠይቃቸው «ወላሂ፣ እነሱም አላወቁትም» አሉኝ። አዲስ የገባን ሰው የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ጆጉን ሞልተው፣ በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ግራቸውን ክርናቸው ሥር ደግፈው ይሰጡታል።

«እዚህ እንኳን ደህና መጣህ አይባልም። አብሽር የኔ ልጅ፣ ጠጣ» አሉኝ።

ሁሉም ያየኛል። ስለ ስጋት በየስብሰባው ስንት ሰዓት ያወራሁ ሰውዬ እጄን ለጆጉ ዘረጋሁ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ቆመው የሰጡኝን እንዴት ብዬ ልመልስ? ጠጣሁ። ሰፈሩን ሙሉ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ ብዬ የታሰርኩት እኔ፣ ለይሉኝታ ብዬ ግማሽ ጆግ ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይስማኝ? ከሰዓት በኋላ ስለ ምንጩ ሳስረዳ ካቦው ሳቀብኝ። «አንተው ጠጥተኸው! ባለሙያው ያልፈራውን እኛ ምን ቤት ነን?» አለ። እውነቱን ነው። አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሼሁ ለመጸዳጃ ወደተቀመጠው ባልዲ ሦስቴ ተመላለሱ። በአራተኛው መነሳት አቃታቸው። የሚወጣቸው የሩዝ ውሃ ይመስል ነበር። ዓይናቸው ጎደጎደ፤ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። የቀራቸው ሰዓት እንጂ ቀን እንዳልሆነ ገባኝ። በሩን ደበደብን። ጠባቂው በቀዳዳው አይቶ «ሐኪም የሚጠራው መርማሪው ሲፈቅድ ነው» ብሎን ሄደ።

ያኔ መሀል ቆምኩ። «ወንድሞቼ፣ ትናንት የጠጣሁት ውሃው ደህና ስለሆነ አይደለም። ሼሁን አፍሬ ነው። ስጠጣ ፈርቼ ነበር፤ አሁንም ፈርቻለሁ። ማን እንደሚከተላቸው አላውቅም፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። አለመንካት ግን በእጃችን ነው።»

ማንም አልሳቀም። ካቦው ጃኬቱን አውልቆ የበርሜሉን አፍ ሸፈነበትና ፊቱ ተቀመጠ። «ማንም እንዳይነካ» አለ። አንድ አስተማሪ ቤተሰቡ ያስገባለትን የታሸገ ውሃ አወጣ። ሌላው ስኳር፣ ሌላው በወረቀት የተቋጠረ ጨው አመጣ። ለሊትሩ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው በጥብጬ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋቸው። ለያንዳንዱ ማንኪያ «ቢስሚላህ» ይሉ ነበር። ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ።

እዚያ ላይ እያለሁ ተጠራሁ። ማንኪያውን ለካቦው ሰጠሁት።

መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃና መቅረጫ እንዲሆን ያቆመው ስልክ ነበር።

«ከምንጩ የተቀዳ ነው። ስልኩ ፊት ጠጣና ‹ተሳስቼ ነበር፣ ውሃው ንጹሕ ነው› በል። ለምሳ ቤትህ ትደርሳለህ» አለኝ። ብርጭቆውን አለማንሳቴን ሲያይ «ምን ያስፈራሃል? ትናንት ክፍል ውስጥ ጠጥተህ የለም እንዴ?» ብሎ ጨመረ። ወሬው ከክፍሉ ደርሶት ኖሯል።

አልዋሽም፣ ቤቴ በዓይኔ መጣ። እጄም ወደ ብርጭቆው ሄዶ ነበር። ግን ትናንት ስጠጣ ያዩኝ ሃያ ምናምን ሰዎች ናቸው፤ ይኼን የሚያየው ስንት ይሆን? ብርጭቆውን ቀስ ብዬ ወደሱ ገፋሁት።

«ትናንት ሽማግሌ አፍሬ ጠጣሁ፤ እኒያው ሽማግሌ አሁን እየሞቱ ነው። ለሳቸው መኪና ይላኩልኝ፤ ለበርሜሉ በረኪና። እኔ እስሬ ላይ እቆያለሁ» አልኩት። «ይኼን ውሃ ለልጆችዎ ይሰጡታል?»

ብርጭቆውን ከፊቱ አራቀው። እሱም አልጠጣውም። ስልኩን አጥፍቶ «ውጣ» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ መኪና መጣ። በኔ ቃል ይሁን በሌላ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሼሁን በብርድ ልብስ ተሸክመን አወጣናቸው፤ ወደ ደሴ ወሰዷቸው። በረኪናው በማግስቱ ደረሰ። ከክፍሉ ሌላ ሁለት ሰው ታመመ፤ ሁለቱም ዳኑ። እኔ በሽታው ሳይነካኝ ብዙ ሳምንት ታስሬ ቆየሁ። የላቦራቶሪውን ውጤት ያሳየኝ ሰው የለም።

ዛሬ ሰው ቤት ውሃ ሲቀርብልኝ «ፈልቷል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚቀየሙኝ አሉ፤ ሚስቴም አንዳንዴ ታፍርብኛለች። እኔ ግን ከጆጉ የጠጣሁበትን ቀን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ከተፈታሁ በኋላ ኩታበር ወጥቼ ሼሁን ጠየቅኋቸው። ከስተዋል፤ ግን ማሳቸው ላይ ነበር ያገኘኋቸው። ቤት ገብተን እንደተቀመጥን ራሳቸው ተነስተው ውሃ ቀዱልኝ። በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ግራቸውን ክርናቸው ሥር ደግፈው ዘረጉልኝ። መጠየቁ እሳቸው ፊት አቃተኝ፤ እጄ ግን ቶሎ አልተቀበለም። አዩኝ።

«ፈልቷል» አሉ። ውሃውን እንደዘረጉም «ከተጠራጠርክ ግን ተወው፤ ወላሂ አልቀየምህም» አሉኝ።

ተቀብዬ እስከ ጭላጩ ጠጣሁት።