ሰላምታው ላይ የቀረው ደብዳቤ

ዳምጤ በቢቸና ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ እየጻፈ ይኖር ነበር። እጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ጨዋታም የሚወድ ሰው ነው። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ እማማ ፋንታነሽ ከገጠር መጥተው፣ ሐረር ላለው ወታደር ልጃቸው ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ለመኑት። የልባቸውን ሁሉ ነገሩት። ገና ሰላምታውን እንደ ጻፈ ከደጀን የጭነት መኪና ገባና ሊያይ ተነሣ። ሲመለስ ደግሞ ወዳጆቹ ወሬ ይዘው ጠበቁት።

"እማማ፣ ነግረውኝ የለ? ይሂዱ፤ ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ" አላቸው።

በየገበያው "ላክህልኝ ልጄ?" ይሉታል፤ እሱም "ለሚመጣው ቅዳሜ" ይላል። በአራተኛው ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። መሞታቸውን ጎረቤታቸው ነገረችው።

ከፋሲካ በኋላ ልጃቸው ኃይለ ሚካኤል መጥቶ ፊቱ ቆመ። "እናቴ እርስዎ ዘንድ ደብዳቤ ታስጽፍ ነበር አሉኝ። ምን ልትለኝ ነበር?"

ዳምጤ ሊመልስ አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል እንኳ ትዝ አላለችውም። ሰላምታ ብቻ ያለበትን ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። ወታደሩ ደጋግሞ አየው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዳምጤ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለጉዳዩ አጠገቡ እያለ፣ ቃሉ ከጆሮው ሳይጠፋ ይጽፋል፤ የጀመረውን ሳያሽግ ቢጠሩትም ቀና አይልም። ወዳጆቹ "ኮራብን" ብለው ተዉት። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀርባው የአሮጊት ድምፅ ይሰማዋል፤ ዞሮ ሲያይ ማንም የለም።

ይህን ሲነግራት ሚስቱ ሀብትነሽ "ምን ይሉሃል?" ብትለው፣

"እሱን እኮ ነው የማልሰማው" አላት።