ክፍል ሙሉ ይመር

ኮሌጁ ተዘግቶ ለዘመቻ ስንበተን፣ እኔ የደረሰኝ መካነ ሰላም አጠገብ ባለች መንደር ገበሬዎችን ፊደል ማስተማር ነበር። «መጀመሪያ ስማቸውን እወቅ፤ ከዚያ ክፍሉ ያንተ ነው» ተብዬ ስለነበር፣ ድርቁ ባዶ ያስቀረው የባላባቱ እህል መጋዘን ውስጥ ገብተው እንደተቀመጡ ስም መጠየቅ ጀመርኩ።

ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ «ይመር» አሉኝ። አጠገባቸው ያለውም «ይመር» አለ። ቀጣዩም ይመር ሆነ። ወሎ ውስጥ ይመር ብርቅ አይደለም ብዬ ቀጠልኩ። የኋላው ረድፍ ጋ ስደርስ ግን ደብተሬ ላይ ከይመር ሌላ ስም አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ጠና ያሉ ሴት አገኘሁና ተስፋ አደረግኩ።

«እርስዎስ፣ እናቴ?»

«የይመር ሚስት ነኝ።»

«የየትኛው ይመር?»

ዞር ዞር ብለው ወንዶቹን አዩና «እሱን ገና አልወሰንኩም» አሉ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ስም የሚጠይቅ የመንግሥት ሰው ወይ ለግብር ወይ ለጦር ነው የሚመዘግበን ብለው ፈርተዋል። እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ።

«አንተስ ማን ትባላለህ?» አለኝ አንዱ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ይመር» አልኩ።

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ሴትዮዋ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «አብሽር ልጄ፣ እኔ ዘነቡ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ካሳውም አሊውም እየተቀባበሉ እውነተኛ ስማቸውን ነገሩኝ። የቀሩት ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

«የእርስዎስ ትክክለኛ ስም ማን ነው፣ አባቴ?»

«ይመር አልኩህ እኮ» አሉኝ ኮስተር ብለው። «ይልቅ እነዚህን ጠይቅልኝ፤ ሁሉም በኔ ስም ምን ሊያደርጉ ነበር?»