አፉን ዘግቶ የሚያዜም ሰው

ልጅ ሳለሁ የክረምት ሥራዬ የአባቴን እጅጌ መጎተት ነበር። እኩዮቼ በሶዶ ጭቃ ላይ ሱዚ ሲዘሉ እኔ ከአባቴ ጋር መዝገብ ቤት እቀመጣለሁ። አባቴ የታሪክ መምህር ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሌላው እረፍት ነው፣ ለእሱ ግን የወላይታን የድሮ ወረቀት የሚያገላብጥበት ወራት። ችግሩ፣ ዝም ብሎ ማንበብ አይችልም። ደስ የሚል ነገር ሲያገኝ አፉን ዘግቶ ያንጎራጉራል፣ ያውም ሁልጊዜ አንድ ዜማ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ተሾመ "መምህር፣ ሌላ ጊዜ ከሰማሁ ፈቃድዎን እሰርዛለሁ" ስላሉት እናቴ እኔን ጠባቂ አድርጋ ላከችኝ። ሲጀምር እጎትተዋለሁ፤ ይቆማል።

ያ ክፍል አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ እርጥብ ወረቀት፣ የአይጥ ሽታ፣ ጋሽ ተሾመ መሳቢያቸው ውስጥ የሚደብቁት የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም መስኮቱን ሲሸፍነው አባቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ይበልጥ ያጎነብሳል። ቤት ስንገባ እናቴ "ታሪክ ይበላል እንዴ?" እያለች እራት ታቀርባለች፤ እሱ ጎርሶ ሳይጨርስ ያንቀላፋል። የደከመ ሰው ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ከእሱ ነው።

አንድ ቀን ዜማውን ሲጀምር አልጎተትኩትም። ሁሌ መሃል ላይ ስለሚቋረጥ መጨረሻው ላይ ቃል ያለው ይመስለኝ ነበርና መስማት አማረኝ። ጋሽ ተሾመ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መጡ። ፈቃዱ አበቃለት አልኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"መምህር፣ ይቺ ዜማ ቃል የላትም እንዴ?"

"አላት፣ ጋሽ ተሾመ። እናቴ ጌታን ከመቀበሏ በፊት የምትዘፍነው ነው። በተጠመቀች ቀን ልጆቿን ሰብስባ 'ቃሉን በአፋችሁ እንዳታነሡ' አለችን፤ እሺ አልናት። ስለ ዜማው ግን ምንም አላለችም።"

ጋሽ ተሾመ ማርያምን ሳይጠሩ ከወንበር የማይነሡ ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ የጴንጤዎቹ መላ አሳቃቸው። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው፤ እንግዲህ የምትጠፊው አንቺ ነሽ" ብለው ቀለዱብኝ። ከዚያ ወዲያ ማንጎራጎሩን አንሥተው አያውቁም፤ ጎደሬውንም ያካፍሉን ጀመር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከወረቀቱ ሌላ የሰው አያት ዘፈን ሊመዘግብ እስከ ወላይታ ዳር፣ ሃላሌና በዴሳ ድረስ የሚንከራተት ሰው የእናቱን ዘፈን ጥርሱ ውስጥ ቆልፎ መያዙ አናደደኝ። አያቴን አልደረስኩባትም፤ የነበረኝ ድምጿ ያ ብቻ ነበር።

ይኸው እኔም የታሪክ ሰው ሆንኩ። ሰነዱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ እወጣለሁ፤ እንደ አባቴ ወረቀት ላይ አልደፋም፣ ድካሙ ግን ከእሱ አያንስም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ድምፅ ስቀዳ ሰንብቼ ኦቶና ሆስፒታል አጠገብ ወዳለው ቤቱ አባቴን ልጠይቅ ስሄድ መቅጃዬን ከቦርሳዬ አላወጣም። አንዴ ብቻ "አባዬ፣ ቃሉስ?" ብዬዋለሁ። "እሺ ብያታለሁ እኮ" አለኝ። አሁን አሁን ዜማውም መሃል ላይ ይጠፋበታል። ዝም እንዲል እጎትተው የነበረውን እጅጌ ዛሬ እንዲቀጥል ልጎትተው ያምረኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ሳላውቀው ያንኑ ዜማ ሳንጎራጉር ልጄ ሰማችኝ።

"ማሚ፣ ቃሉ ምንድነው የሚለው?"

ስለ አያቷ እናት፣ ስለ ጥምቀቷ፣ ስለዚያ እሺታ ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ወገቤን አሞኛል፣ ባልዲው ውስጥ ገና ያልታጠበ ልብስ አለ፣ ደክሞኛል።

"ቃል የለውም" አልኳት።