አንኮበርን ልናይ ወጥተን

አማቴ የአንኮበርን ነገር ካነሱ ማቆሚያ አልነበራቸውም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሰውን እንደ ቆሎ ሲያምሰው እሳቸው ጥላ ስር ቁጭ ብለው የአንኮበርን ብርድ ያወራሉ። ነገሥታቱ የተቀመጡበትን ጉብታ፣ ግብር የሚበላበትን አዳራሽ፣ የሸማኔዎቹን ሰፈር፣ እናታቸው ጠጅ ይጥሉበት የነበረውን ጓዳ አንድ በአንድ ይዘረዝሩልኛል። መጨረሻው ሁልጊዜ እኛ ቆለኞች ከተማ አናውቅም የሚል ነው። አዲስ ምራት ነኝና «አዎ እማማ» እያልኩ ጥጤን እፈትላለሁ። በሆዴ ግን፣ ያን ያህል ከተማ ከሆነ ምን ቆርጧቸው ቆላ ወረዱ እላለሁ።

ያኔ አገሩን ጣሊያን ይዞታል፤ አርበኛው ደግሞ ጋራውን ይዟል። አማቴ ታዲያ ማሽላው ተሰብስቦ እጃችን እረፍት ሲያገኝ፣ ዓይናቸው ሳይከደን አንኮበርን ማየት እንዳለባቸው ተናገሩ። ባሌ ቢለምን ቢቆጣ ወይ ፍንክች። እሱ እንዳይሸኛቸው ወጣት ወንድ መንገድ ላይ ከታየ ወይ የአርበኛ ወይ የባንዳ ነው ተብሎ ከሁለቱ በአንዱ መበላቱ ነው። ስለዚህ እዳው እኔ ላይ ወደቀ።

ጎረቤታችን የሆነ እስላም ነጋዴ በቅሎዎቹን ጭኖ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ይሄድ ነበርና ከሱ ጋር ወጣን። ጋሼ ነበር የምለው፤ ደግ ሰው ነው። መንገዱን ሙሉ የምንሸጠው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የምንሸጠው የለም አልኩት። ዘመድ ታሞ? አይደለም። ጠበል? አይደለም። «ታዲያ ለምን ነው?» አለኝ። ከተማ ልናይ አልኩት። የበቅሎዎቹን ጭነት አጠበቀና «ወላሂ፣ ይቺን ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ» አለኝ። እውነቱን ነበር። በኛ አገር ሰው ያለ ጉዳይ ደጁን ለቆ አይሄድም፤ እኔም ራሴ ምን እያደረግን እንደሆነ አልገባኝም።

አሊዩ አምባ ላይ ከእሱ ተለይተን ዳገቱን ልንጀምር ስንል የባንዳ ኬላ አገኘን። አለቃቸው የልጁ እኩያ በምትሆን ሴት ላይ እንደሚጮህ ሰው አማቴን አንቺ አሮጊት ብሎ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። እሳቸው ግን ቀና ብለው፣ በኩራት፣ አንኮበርን ለማየት ነው አሉት። ሰዎቹ ተያዩ። በዚህ ዘመን ከተማ ልታይ የምትወጣ አሮጊት የለችም፤ ይህች ለአርበኛ ወሬ የምታደርስ ናት፣ ወደ ጣሊያኖቹ ምሽግ ትወሰድ ተባለ። እዚያ ገብቶ የተመለሰ ሰው እኔ አላውቅም። አፌ ደግሞ እኔን አማክሮ አያውቅም።

«ለቅሶ ነው!» አልኩ። «እናታቸው ሞተው ነው!»

አለቃው የአማቴን ነጭ ጸጉር አየ። የእሳቸው እናት? ወይ ጉዴ፣ አባታቸው ወይም ወንድማቸው ብል ምን ነበረበት! ከአፍ የወጣ ግን አይመለስም። ለቅሶ ደራሽ መከልከል ለሱም ከበደው መሰለኝ፣ አንድ ጠብመንጃ የያዘ ባንዳ አዘዘብን። ለቅሶው ቤት ድረስ አድርሳቸው፣ ለቅሶ ከሌለ ወደ ምሽጉ ውሰዳቸው አለው።

ዳገቱን ስንወጣ አማቴ ሟርተኛ ብለው እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ። በሐሰት ሰው ሞተ ማለት ነውር ነው፤ ስድቡ ይገባኝ ነበር። እሳቸው ግን ባንዳው ኋላ ቀረት ሲል በዝግታ፣ እኔን ሳያዩ፣ ነገሩን አወሩልኝ። ለባል ተሰጥተው ቆላ የወረዱት ገና በልጅነታቸው ነው። እናታቸው አንኮበር ሲሞቱ እሳቸው አራስ ነበሩ፤ ለአራስ ደግሞ መርዶ አይነገርም፤ ተደበቀባቸው። ከአራስ ቤት ሲወጡ ባል ዘመድ ነግሯቸዋል ብሎ፣ ዘመድ ጎረቤት ነግሯቸዋል ብሎ፣ ሁሉም ሌላው የነገራቸው እየመሰለው ዝም አለ። የሰሙት ከአንድ ጨው ነጋዴ ነው፤ ነፍስ ይማር ብሏቸው በዚያው ሄደ። ለቅሶው ካለፈ ቆይቷል፤ አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

«አልቅሼላት አላውቅም» አሉኝ። «የማየው ከተማውን መሰለሽ?»

ሐሰት ብዬ የተናገርኩት እውነት ሆኖ አረፈው። ማዘን እንዳለብኝ ወይ መፍራት እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ ሁለቱንም አደረግኩ።

አንኮበር ደረስን ስባል ከተማው የታለ አልኩ። ጭጋግ ነው። ጭጋጉ ገለል ሲል ጉብታው ታየ፤ በላዩ የጣሊያን ባንዲራ፣ ከስሩ የተናደ ካብና ቁጥቋጦ፣ ራቅ ራቅ ብለው የሣር ቤቶች፣ የገብስ እርሻ። አማቴ በሩ እዚህ ነበር አሉ፤ ፍየል ቆማበታለች። የሸማኔዎቹ ሰፈር አሉ፤ እሾህ ነው። ትንሽ ወጡና ተመለሱ፣ ወደ ግራ ሄዱና አይ በቀኝ ነው አሉ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ያን ሁሉ ጊዜ የሰማሁት አዳራሽና ግብር ሕልም ይሁን ውሸት ግራ ገባኝ። ባንዳው ደግሞ ትዕግሥቱ እያለቀ፣ ለቅሶ ቤት እንዲህ ይጠፋል እንዴ እያለ ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ። በሳቸውም፣ በራሴም፣ በከተማውም ተናደድኩ።

አማቴ አንድ የገብስ እርሻ ዳር ቆሙ። ግማሹ አፈር የበላው የድንጋይ ሙቀጫ ነበር፤ የዝናብ ውሃ አቁሯል። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከተቱበትና ጠርዙን ዳበሱት፤ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል። ጌሾ ሲወቅጡ የሸረፉት እሳቸው ናቸው፣ እናታቸውም በዚያ ገርፈዋቸዋል። ይህን ነግረውኝ ቀና አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«እናቴ፣ መጣሁልሽ! አራስ ናት ብለው ደበቁኝ እንጂ መች ቀረሁብሽ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ደረታቸውን እየመቱ ሙቀጫውን ዞሩት። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከተልኳቸው፤ መጀመሪያ ለባንዳው ብዬ፣ ኋላ ግን እውነቴን አለቀስኩ።

እዬዬ ከተሰማ ማን ሞተ ተብሎ ቀድሞ አይጠየቅም፤ ወጥቶ ማልቀስ ነው። ከየሣር ቤቱ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ። ሬሳ የለ፣ ድንኳን የለ፣ እነሱ ግን እንደ ትናንት ሙት አለቀሱ። አለቃቀሳቸው በዛብኝ። ለማያውቋት ሴት እንዲህ ፊት ይቧጨራል? አጠገቤ የነበረችውን ጠይም ሴትዮ ክንዷን ይዤ፣ እትዬ ይብቃሽ፣ ሟቿ እኮ ያረጁ ናቸው አልኳት። ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ልጄን ገደሉት» አለችኝ። «ለአርበኛ የሚለቀስ የለም፣ ያለቀሰች ትታሰራለች ብለውናል። እዬዬም ሲዳላ ነው እህቴ። ዛሬ በእናንተ እናት ተነፈስኩ።»

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሏም የየራሷን ነበር የምታለቅሰው።

ንፍሮ መጣ፤ ለባንዳውም በእፍኙ ሰጡት። ቤት የሌለው፣ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ የለም እንዳይል ደግሞ እዬዬው ጆሮውን እያደነቆረው ነው። ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ እኔን እያየ፣ ለአለቃው ምን ብሎ እንደሚናገር የጠፋው ሰው ሆኖ ንፍሮውን ቆረጠመ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ። ከዚያ ተነሥቶ ለቅሶ አለ ብዬ እነግራለሁ አለና ሄደ።

ልንወርድ ስንል ያቺ ጠይም ሴትዮ እየሮጠች ደረሰችብን።

«ለአርባውስ ትመጣላችሁ?»

እኔ ሳልወለድ ለሞተች ሴት ምን አርባ አለ? አፌን ከፈትኩ። አማቴ ክንዴን ቆነጠጡኝና «እንመጣለን» አሏት። «ለሰማንያውም እንመጣለን።»

ለአርባው ስንወጣ ኬላው ላይ ያ ንፍሮ የበላው ባንዳ ነበር፤ ወዴት ብሎ አልጠየቀንም። ከላይ፣ ከሙቀጫው ዙሪያ፣ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የበዙ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይጠብቁን ነበር።