ገርባ ጉራቻ ዳር ዘር ቆጠርኩ

«ያንተ ቅድመ አያት የአያቴን ፈረስ የቀማው እዚሁ ውኃ ዳር ነው።»

ዛሬ ረፋድ ላይ ይህን ያሉኝ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ዳር ፈረሳቸውን ውኃ ሲያጠጡ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከጎባ መጥቼ፣ ደጋው ሳነቴ ላይ ከመኪና ወርጄ፣ ቁልቁለቱን ብቻዬን በእግሬ ነበር የወረድኩት።

ጥፋቱ የራሴ ነው። እኛ አገር ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ካለ ዘር ይቆጠራል። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብዬ ሰላም አልኩና በኩራት ቆጠርኩላቸው፤ አገሩን ሊያቀና ከሸዋ ከዘመተው ጦር ጋር እስከመጡት እስከ ቅድመ አያቴ እስከ ባሻ ይመኑ ድረስ። ማዕረጉን እንኳ አልተውኩም። ማን ጠየቀኝ?

ያችን ቃል ተናገሩና ፊታቸውን ወደ ፈረሳቸው አዞሩ። በዚህ መሐል ጉም ወርዶ ሐይቁንም መንገዱንም ሸፈነው።

«ብቻህን አትወጣም፤ ረግረጉ ይውጥሃል» አሉና ፈረሱን አቀረቡልኝ። «ተቀመጥበት።»

ልጓሙን አስያዙኝ። እሳቸው በእግራቸው እየመሩ፣ እኔ በፈረሳቸው ላይ ሆኜ፣ እስከ መኪና መንገዱ ወጣን። እንደዚያ ያፈርኩበት መንገድ የለም።

ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«በል ውረድና ልጓሙን በእጅህ መልስልኝ። አባቴ ይህን ሳያይ ሞተ።»

ወርጄ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ቤቴ ገብቼ ይህን እጽፋለሁ።

እናንተስ፣ የአያታችሁን ስም ስትጠሩ ፊቱን ያዞረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ያኔ ምን አላችሁ?