ገርጂ ስደርስ

የያዙኝ በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከልምምድ ስመለስ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ቱታ እንደለበስኩ፣ የመሮጫ ጫማዬን በፌስታል እንዳንጠለጠልኩ መኪና ውስጥ አስገቡኝ። «ስብሰባ ላይ ታይተሃል» አሉ። የትኛው ስብሰባ ብል የሚመልስልኝ አልነበረም።

ያስገቡኝ ከአንድ ቪላ ጀርባ ያለ፣ እስረኛ የሞላበት ሰርቪስ ክፍል ነው። ቦሌ መሆናችንን ያወቅነው አውሮፕላን ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ በቆርቆሮ የተመታ። ሽንት፣ ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ጉልበታችንን አጥፈን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እንውላለን።

የጎዳና ላይ ሩጫ መምረጫ ውድድር ቀርቦ ነበር። ብሔራዊ ቡድን ለመግባት የነበረኝ ዕድል እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት እንደሚለቁኝ ራሴን አሳመንኩ። አሰልጣኜ አንድ ነገር አስተምሮኝ ነበር፤ ዓይንህን ጨፍነህ ውድድሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ ሩጠው፣ መታጠፊያውን እየው፣ ትንፋሽህን ስማው። «በሐሳብህ አንዴ ከቆምክ ግን እግርህ መቆም ይለምዳል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ግድግዳውን ተደግፌ ከመገናኛ እነሳና በገርጂ አድርጌ እሮጣለሁ። ውስጥ እግሬን ከገረፉኝ በኋላም አላቋረጥኩም። በሐሳቤ ውስጥ እግሬ አላበጠም።

ችግሩ፣ ስሮጥ እግሬ ሳላውቀው ይወራጫል። የሚመታው አጠገቤ ያሉትን ሽማግሌ ነው። ገርጂ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡ እሳቸውን ከሱቃቸው አንስተው አመጧቸው። ባለቤታቸው እሳቸው የት እንደገቡ አያውቁም።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬስ የት ደረስክ?» ይሉኛል ጎናቸውን እያሻሹ።

«ገርጂ እየገባሁ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ቤቴ፣ አረንጓዴው በር ጋ ቁምና አንኳኳ። በሕይወት አለ በላት፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ውድድር ላይ እኮ አይቆምም።»

«አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን አልቆምኩም።

የውድድሩ ቀን ጠዋት እዚያው ነበርኩ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ይጮኻል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ለመጮኽም አቅም አጣሁ። ሰዓቱ ደረሰ ባልኩ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ከሌሎቹ ሯጮች ጋር ተነሳሁ። ጥቂት እንደሮጥኩ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ሽማግሌውን «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አላቸው። ወደ ቤት ይሁን ወደ ሌላ ቦታ አልተናገረም። ዕቃ የሚባል አልነበራቸውም፤ ነጠላ ጫማቸውን ብቻ ፈልገው አጠለቁ።

ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ። ሲሚንቶው ውስጥ እግሬን ለበለበኝ። «ኖር፣ አባባ» አልኩ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ጠባቂው በሩ ላይ ጠበቀ።

«በእግዜር! ተቀመጡ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ በተለይ ቁጭ በል፤ እግርህን ትፈልገዋለህ» አሉኝ።

በሩ ሲዘጋ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ካቋረጥኩበት ቀጠልኩ። ገርጂ ስደርስ ከአስፋልቱ ወጣሁ። አረንጓዴውን በር አንኳኳሁና «በሕይወት አሉ» አልኳቸው ለባለቤታቸው። ሯጮቹ ከኋላዬ ሲያልፉ የጫማቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ስፈታ እያነከስኩ በቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ባለቤታቸው ናቸው። የተለማመድኩትን ተናገርኩ።

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

«አዎ፣ ከክፍሉ ሲያስወጧቸው እዚያው ነበርኩ።»

«ታዲያ ወዴት ወሰዱት፣ ልጄ?»

ይህን ጥያቄ በሐሳቤ ተለማምጄው አላውቅም። በሩን ይዤ ቆምኩ።

ሽማግሌው አልተመለሱም። ባለቤታቸውም አርፈዋል፤ በሩ ዛሬ ጥቁር ተቀብቷል። ብሔራዊ ቡድን አልገባሁም፤ ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም እሮጣለሁ። አሰልጣኜ ልክ ነበር። እዚያ በር ስደርስ እግሬ ሳላዘው ይቆማል።

ባለፈው የቤቱ አዲስ ዘበኛ «ማንን ፈልገው ነው፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ትንሽ ደክሞኝ ነው» አልኩት።

ከዱካው ላይ ብድግ አለ። «ኖር፣ ይቀመጡ።»

በእግዜር ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣልኝም።